ግሽ ዓባይን ለመሳለም ስንት ቀን ይበቃል? አንድ ጥያቄና 29 መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፈችው አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። እናቷ ግን የጎጃም፣ የሰከላ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከአገር ወጥተው አልተመለሱም። አሁን ጉልበታቸው ሳይከዳቸው የዓባይ መነሻ የሆነውን ግሽ ዓባይን መሳለም ፈልገዋል። ልጅቱ ሦስት ነገር ጠየቀች። መቼ መሄድ ይሻላል? ስንት ቀን ይበቃል? እግረ መንገዳቸውን ስለ ጎጃም ታሪክና ባህል ምን ይዩ? ከሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት። እሷ ራሷ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ያገኘውን ምንጭ በዓይኗ ለማየት እንደጓጓች ጻፈች። ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ ያስረዘመው ይሄ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ለሰከላ ጎረቤት ነን። ክሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፤ አንድ ጊዜም ጽፌበታለሁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። መልሱ ግን በስድብና በወሬ ተውጦ ይቀራል። ስለዚህ የሰዎቹን ቃል ሳይሆን ሐሳባቸውን በየቁጥሩ ላስቀምጥ ብዬ ተነሣሁ።

1ኛው መልስ ከባሕር ዳር ነው። ሰውየው በእህትነት ተቀብሎ ጉዞው ቀላል እንደሆነ ነገራት። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠዋት ወጥታ ለምሳ እንደምትመለስ ጻፈ። ፏፏቴውን፣ ጭሱን፣ ቀስተ ደመናውን አሞገሰላት። የአላታን የድንጋይ ድልድይም እንዳትረሳ አደራ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የተሠራ ነው። የነገራት ሁሉ እውነት ነው። ብቻ ስለ ሌላ ቦታ ነው የነገራት።

2ኛው መልስ ይሄንን አቃና። ጢስ ዓባይና ግሽ ዓባይ ለየቅል ናቸው። ግሽ ዓባይ ሰከላ ደጋ ላይ ያለው ምንጭ ነው። ከዚያ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል። ዓባይ ከጣና የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ነው። ፏፏቴው ከዚያም በታች ነው። ይሄው ሰው ጥር ላይ ፏፏቴ አያለሁ ብላ ተስፋ እንዳታደርግ አስጠነቀቃት። ውሃው ከሐይቁ መውጫ፣ ከጨረጨራ ጀምሮ ለመብራት ይጠለፋል። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ብዙው የሐይቁ ውሃ በበለስ በኩል ይሄዳል። 460 ሜጋ ዋት በነፃ አይገኝም። ጢስ እሳትን በሙሉ ግርማው ማየት የሚፈልግ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይሂድ። ልክ ነው። እኔም አንድ ዓመት መጋቢት ላይ እንግዳ ይዤ ሄጄ፣ ገደሉ ላይ ቀጭን ውሃ ብቻ ሲንጠባጠብ ባይ አንጀቴ አሯል።

3ኛው መልስ ቁጣ ነበር። ጸሐፊው ብሩስ ያገኘው የሚለውን ቃል አንስቶ ልጅቱን ወረደባት። አያቶቿ ልጆቻቸውን ያጠመቁበትን ውሃ ፈረንጅ አገኘው ብላ መጻፏ እንዳሳፈረው ገለጸ። ሐሳቡ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ለእህት የሚነገር አልነበረም።

4ኛው መልስ ታሪክ አንባቢ ነው። በረጋ መንፈስ ዓመቶቹን ደረደረ። ብሩስ ግሽ የደረሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ነው። ከእሱ በፊት ስፔናዊው ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ አፄ ሱስንዮስን ተከትሎ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ምንጩን አይቷል። በመካከላቸው 152 ዓመት አለ። ብሩስ ይሄንን መቀበል አልፈለገም፤ ፓኤዝ አላየውም ብሎ ተከራክሯል። ስለዚህ በፈረንጆቹ ቆጠራ እንኳ ቢሆን የመጀመሪያው ብሩስ አይደለም። ዋናው ነገር ግን ሁለቱንም መንገድ እየመራ ያደረሳቸው የአገሬው ሰው መሆኑን ጠቁሞ አበቃ።

ልጅቱ በ5ኛው ላይ ይቅርታ ጠየቀች። ትምህርት ቤት የተማረችውን እንደጻፈች፣ ሌላ ሐሳብ እንዳልነበራት አስረዳች። ባለ 3ኛው ዝም አለ። ቢመልስላት ጥሩ ነበር።

6ኛው መልስ ከሁሉም ደስ ያለኝ ነው። ጸሐፊዋ ብሩስ ራሱ የጻፈውን አስታወሰች። በዚያን ጊዜ ግሽ ላይ የነበሩት አገዎች ጫማህን ሳታወልቅ ወደ ምንጩ አትቀርብም ብለው ከልክለውታል። ጫማውን ጥሎ ቁልቁል እየሮጠ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ከዚያ በኮኮናት ቅርፊት ምንጩን ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ጤና ጠጣ። ከዚህም በላይ ወጣቱ ዐፄ፣ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት፣ ግሽን ጉልት አድርገው ሰጥተውት ነበር። ጸሐፊዋ የያዘችው ነገር ጫማው ነው። በወረቀት ጌታ የሆነበት ቦታ ላይ እንኳ ባዶ እግሩን ነው የገባው። ደንቡ ያኔም የአገሬው ነበር። ዛሬም የአገሬው ነው።

7ኛው ላይ ወሬው ወደ ፊደል ዞረ። አንዱ አባይ በአልፋው አ ይጻፍ ወይስ በዓይኑ ዓ ብሎ ጠየቀ። እንደሱ አስተያየት ልዩነቱ የድሮ ሰዎች ጣጣ ነው። 8ኛው አንድ መሪጌታ ናቸው። በትዕግሥት አስረዱት። በግዕዝ ዐቢይ ትልቅ ማለት ነው። ለሴት ሲሆን ዐባይ ይባላል። ወንዙ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በአልፋው ሲጻፍ ግን ውሸታም የሚል ትርጉም አለው። ወንዝን በስሙ መስደብ ነው። መጽሐፍ ግዮን የሚለውም እሱኑ እንደሆነ አባቶች እንደሚያስተምሩ ጨመሩ። 9ኛው መልስ ተበሳጨ። ሴትዮዋ መንገድ ጠየቀች እንጂ የፊደል ፈተና አልጠየቀችም የሚል ነው ነገሩ። ብስጭቱ ይገባኛል። ሆኖም የመሪጌታውን መልስ ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ።

10ኛው መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ነው። ይሄን መልስ ያነበበ ሌላ ካርታ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ሌሊት መውጣት ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ ጠጥቶ የዓባይን በረሃ በጠዋቱ መውረድ። ፀሐይ ከበረታ ታች ያለው ሙቀት ለአሮጊት ይከብዳል። ቁልቁለቱ ላይ ጆሮ ይደፍናል። የከባድ መኪና ፍሬን ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ተደርድረው እጅ እጅ ያያሉ። ታች ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን አለ። አሮጌው፣ እና በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ። ከዚያ ሽቅብ ወደ ደጀን። ደጀን ከወጣ በኋላ አየሩ ይለወጣል፤ ጋቢ ይፈለጋል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሾፌሩ በእናትየው ዕድሜ ከዚያ በላይ በአንድ ቀን እንዳትገፋ መከራት። እዚያ አድሮ በነጋታው በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አልፎ ቲሊሊ ላይ ከዋናው አስፋልት ወደ ሰከላ መታጠፍ ነው።

11ኛው የዲያቆን መልስ ነው። መቼ ለሚለው ጥያቄ ቁርጡን ተናገረ። ጥር 10 ከተራ ነው። ጥር 11 ጥምቀት። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን ነው፤ ግሽ ደግሞ የሚካኤል ደብር ነው። ጥር 13 የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ነው። ከየአገሩ ምእመን የሚጎርፈው ለዚያ ቀን ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ ወደ እስር ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡ። ሲመለሱ ወንዙ መጻሕፍቱን አንድ ጠብታ ሳያስነካ መለሰላቸው። እንግዲህ ማንም ሰው እዚያ ውሃ ዘንድ ሲቆም ይሄንን ይዞ ነው የሚቆመው። ዲያቆኑ ደንቡንም ነገራት። እህል የቀመሰ ወደ ምንጩ አይገባም። ጫማ ይወልቃል። ነጠላ ይደረባል።

12ኛው ላይ ልጅቱ ተመለሰች። እናቷ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ያለ ምግብ መዋል አይችሉም። ምን ይሻላል? ጥያቄው ከባድ ነበር። 13ኛው ራሱ ዲያቆኑ ነው። በርኅራኄ መለሰላት። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም። ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ። እዚያም ደርሰው ለካህናቱ ይንገሩ። ከደጅ ሆነው ጸበሉ ተቀድቶ ሊወጣላቸው ይችላል። እሷ ራሷ ጾማ ገብታ ትቅዳላቸው። ይሄን ሳነብ ዲያቆኑን አቅፌ ልስመው ቃጣኝ።

14ኛው የእኔ ነው። ስንት ቀን ለሚለው መልስ መስጠት ፈለግሁ። ብዙ ሰው ከባሕር ዳር በመኪና መጥቶ ፎቶ አንስቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ምንም አላየም። እዚያ ማደር ያስፈልጋል። እኔ መጨረሻ የሄድኩት ጥር ላይ ነው። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ማታ ካበላችን በኋላ መሶቡን ከድና ጥግ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ውሃ እንኳ አላቀረበችልንም። ነገሩ ገብቶኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማ ነበር። ውጭ ስንወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። በባዶ እግር ስትረግጠው ያቃጥላል። ወደ ምንጩ ሲቀርቡ መሬቱ ረግረግ ነው፤ ከእግር በታች ይርገፈገፋል። ሰዉ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አንጠልጥሎ ተሰልፏል። ከፊቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት የያዙት ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ብቻ ነበር። ለምን እንዲህ ትንሽ ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። በሰው እጅ የሚላክላት ይሄን ያህል ብቻ ነው አሉኝ። ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ሦስት ጊዜ ቋጠሩት። የቀመስኩት ውሃ ጥርስ ያማል፤ እንዲያ ይቀዘቅዛል። ዓባይን ሳስብ እስከ ዛሬ የሚመጣብኝ በረሃው አይደለም፤ ያ ቋጠሮ ነው። ለልጅቱም የጻፍኩላት ይሄንን ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሰከላ ይደሩ።

15ኛው መልስ ቅሬታ ነው። ጸሐፊው ከጓደኞቹ ጋር ሲሄድ አንድ አስጎብኚ ነኝ ባይ መጀመሪያ በተስማሙበት ዋጋ ሳይሆን በሦስት እጥፍ አስከፍሏቸዋል። ምንጩ ጋ ሲደርሱም የበሉትን ቁርስ ደብቁ ብሎ ሊያስገባቸው ሞክሯል። ገንዘቡ ሳይሆን ይሄኛው እንዳስቆጣው ጻፈ። ትክክል ነው የተቆጣው።

16ኛው የሰከላ መምህር ነው። ነገሩ ነካው። አንድ ሰው ባጠፋ አገሩ ሁሉ መታማት እንደሌለበት ጻፈ። በሰከላ እንግዳ እግሩ ታጥቦ እንደሚያድር፣ ዋጋ መጠየቅ ለብዙው ሰው ነውር እንደሆነ ተናገረ። 15ኛው አገሩን እንዳልሰደበ መለሰ፤ ይሄ 17ኛው መሆኑ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መምህሩ ቢያንስ አስጎብኚ ከመያዝ በፊት ደብሩን ወይም የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ እንደሚሻል አክሎ ነገሩን አበረደው።

18ኛው ሁላችንም የሸሸነውን ነገር አነሣ። በዚህ ጊዜ እናትን ይዞ በጎጃም መንገድ መሄድ እብደት እንደሆነ ጻፈ። መንገድ እንደሚዘጋ፣ መኪና እንደሚቆም አስታወሰ። 19ኛው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ወሬ አገሩን ባዶ እያደረገው እንደሆነ በኃይለ ቃል መለሰለት። ሆቴሎች ሠራተኛ እየበተኑ ነው፤ ባለ በቅሎው ተቀምጧል። እዚህ ላይ ክሩ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ስድብ የያዙ ሁለት መልሶች ተሰርዘዋል፤ ቁጥራቸው 20 እና 21 ነበር። 22ኛው ሾፌሩ ነው፤ ያው የ10ኛው። ክርክሩ ውስጥ አልገባም። ከመነሣቷ በፊት በነበረው ሳምንትም፣ በዋዜማውም፣ በጠዋቱም ለሚያልፉባቸው ከተሞች ሰው ደውላ ትጠይቅ። ከጨለመ በኋላ መንገድ ላይ አትገኝ። መንገዱ ካልተመቸ ጥር በሚቀጥለውም ዓመት አለ። ከዚህ የተሻለ ምክር የለም። እኔም እቅጩን ልናገር። ሰላም ሳይረጋገጥ እናት ይዞ አይወጣም።

23ኛው መልስ በጣም ረጅም ነው። ጸሐፊው ድሮ ቆሎ ተማሪ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ ቢሮ ይሠራል። ልጅቱ ስለ ባህል ስለጠየቀች ጎጃም መጥቶ የቅኔ ቤት ሳያዩ መመለስ እንደማይገባ ጻፈ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፤ ስማቸውን የቤተ ክህነት ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ተማሪ በእግሩ ወደነዚህ ቦታዎች ይመጣ ነበር። እሱ ራሱ በ13 ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ ነው የገባው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ ነው የተማረው። ውሻ ሁለት ጊዜ ነክሶታል። ያገኘውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ያደርጋል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። ሁለት ቤት ለመቁጠር ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጨነቃል። ጠዋት የኔታ ፊት ይነግራል። የኔታ ካልወደዱት አንድ ቃል ብቻ አንስተው መልሰው ይሰጡታል፤ እንደገና ይሄዳል። ወደ ረጅሙ ቅኔ፣ ወደ መወድስ እስኪደርስ ዓመት አለፈው።

ያኔ ዘጠኝ ወር ስለ ዓባይ ቅኔ ለመቁጠር እንደሞከረ ጻፈ። ሰሙን ወንዝ፣ ወርቁን እናቱን አደረገ። ከቤት ጠፍቶ የወጣ ልጅ ነውና። ለየኔታ ሲነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱን አይቶ እንዲመለስ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሰጡት። እርማታቸው ያ ነበር። በዚህ መልስ ሥር ሰው ሁሉ ልብ ነው ያስቀመጠው። የተሳደቡት ሰዎች ሳይቀሩ።

24ኛው ከሞጣ ነው። ሁሉም ስለ ምንጭ ሲያወራ የሞጣ ሰው ስለ ድልድይ ማውራቱ አይቀርም። ሰባራ ድልድይን አነሣ። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው፣ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ወዲህና ወዲያ የቆሙ ጎልማሶች ገመዱን ይዘው ይስባሉ። ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከዓባይ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ለገበያ የሚሄድ፣ ለለቅሶ የሚሄድ፣ ሙሽራ ጭምር። አጎቱ ከሳቢዎቹ አንዱ ነበሩ። መዳፋቸው እስከ ዛሬ እንደ ቆዳ ጠንካራ ነው። ሰላምታ ሲሰጡ ይታወቃል። 25ኛው አንድ መሐንዲስ ቀጠለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 በውጭ በጎ አድራጊዎች እርዳታ የፈረሰው መካከል በብረት ተቀጠለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ምክንያቱን ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ዓባይ በክረምት በጠባብ ገደል ውስጥ ሲያልፍ ሽቅብ ነው የሚያድገው። የድሮዎቹ ግንበኞች ይሄንን ስለሚያውቁ ውሃው በጎን የሚያልፍባቸው ቅስቶችን ይጨምሩ ነበር። መሐንዲሱ የአጎቱን መዳፍ ፎቶ እንዲልክለት ለመነው። ተልኮለታል። አይቼዋለሁ። አውራ ጣታቸው ሥር ገመድ የበላው መስመር አለ።

26ኛው ከእንጅባራ ነው፤ ስለ አገው ፈረሰኞች ጻፈ። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል። እናትየው አሥር ቀን ሰንብተው ይሄንንም ቢያዩ ዕድሜያቸው ይጨምራል ባይ ነው። ዘንገና ሐይቅም መንገድ ላይ ነው። ምግብም አነሣ፤ የአገውን ድንች፣ አነባበሮውን፣ ማሩን። እንጅባራ ላይ ድንች ያልበላ ድንች አያውቅም ብሎ መደምደሙን አልቃወምም።

27ኛው መልስ ክሩን መልሶ አሳከረው። ጸሐፊው ግሽ ዓባይ ሄዶ እንደነበር፣ ያየው ግን ጭቃ ውስጥ ያለች ትንሽ ጉድጓድ ብቻ እንደሆነ ጻፈ። ለዚህ ይሄን ሁሉ መንገድ መጓዝ ከንቱ ነው አለ። አስጎብኚ ቦርድ የለም፣ ሙዚየም የለም፣ ጥሩ ሻወር ያለው ሆቴል የለም።

ብዙዎቻችን ጣታችን ስልኩ ላይ ነበር። የቀደመን መምህሩ ነው፤ 28ኛው። እንደ ቀድሞው አልተቆጣም። የሙዚየሙንና የሆቴሉን ጉድለት አመነ። እሱ ራሱ በየስብሰባው ሲጠይቅ ዓመታት ቆጥሯል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት እዚያ ለሚኖር ሰው ተረት እንዳልሆነ ጻፈ። ተማሪዎቹ ጠዋት ውሃ ቀድተው፣ ጀሪካኑን ቤት አድርሰው ነው ክፍል የሚገቡት። የዓባይን ርዝመት በኪሎ ሜትር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍላቸው የጀርባቸው ልብስ ገና አልደረቀም። ነገር ግን ጉድጓዷ ትንሽ መሆኗ ለእነሱ ጉድለት አይደለም። ትንሽ ስለሆነች ነው የሚጠብቋት። ደኗን፣ ሣሯን፣ አጥሯን። ትልቅ ነገር ለማየት የሚሻ በረሃው ላይ ይቁም። እዚህ የሚመጣው ሰው ግን ጎንበስ ይበል፤ ምንጩ ያለው ታች ነው። እኔ በ14ኛው መልሴ ብዙ ቃል አባክኜ ልል የፈለግሁት ይሄንኑ ነበር። እሱ በአጭሩ ተናገረው።

ባለ 27ኛው አልመለሰም። ግን መልሱን አልሰረዘም፤ የመምህሩንም ወዶለታል።

29ኛው የልጅቱ ነው። እናቷ ክሩን ሙሉውን ሲነበብላቸው እንዳመሹ ጻፈች። የፈረሰኞቹን ነገር ሲሰሙ ሣቁ። የአጎትየውን መዳፍ ፎቶ ረጅም ጊዜ አዩ። ያስለቀሳቸው ግን አንድም ሰው ያላሰበው ነገር ነው። መምህሩ በ16ኛው መልሱ ስለ እንግዳ አቀባበል ሲጽፍ የሰፈሩን ስም ጠቅሶ ነበር። የእናትየው አባት ቤት እዚያ ነው። ስለዚህ ልጅቱ አሁን የምትጠይቀው ለመምህሩ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ላይ፣ ወንዙን ሲሻገሩ፣ ትልቅ የወይራ ዛፍ ነበረ፤ እናቷ ሥሩ ይጫወቱ ነበር። ዛፉ አለ ወይ?

መምህሩ እስከ አሁን አልመለሰም። እዚያ ኔትወርክ አንዳንዴ ሳምንት ይጠፋል። በየቀኑ ገብቼ አያለሁ።